ዶላሩ ጉንችሬ እስኪደርስ

የጉራጌ ልጅ ለትውልዶች ገንዘብ ወዳለበት ሲሄድ ኖሯል። ከእኖር፣ ከቸሃ ወይም ከእዣ ይነሣና አዲስ አበባ ይገባል፤ ጫማ ይጠርጋል ወይም ዘመድ ሱቅ ውስጥ ይላላካል፤ ዕቁብ ሲጥል ከርሞ ዕጣው ሲወጣለት መርካቶ ውስጥ የራሱን በር ይከፍታል፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ወደ አገር ቤት የሚያስገባውን መንገድ ለማሠራት እንኳ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ያሉ ተወላጆች ማኅበር አቁመው ከኪሳቸው ሲያዋጡ ነበር። አሁን ግን ሰውን ከቀዬው የማያስወጣ ሥራ መጥቷል። ሠራተኛው እኖር ውስጥ ባለችው ጉንችሬ ከተማ ነው፤ ሥራውን የሚያሠራው ሚኒሶታ፣ ለንደን ወይም ዱባይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ውል፣ የኢንተርኔት መስመርና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው።

ወጣቶቹ ፍሪላንስ ይሉታል። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ድርጅት በሌላ አገር ቢሮ ሳይከፍት፣ ሠራተኛም ሳይቀጥር፣ እዚያ ካለ ባለሙያ ጋር ተዋውሎ አንድ የተወሰነ ሥራ ያሠራል፤ ሥራው ሲያልቅ ሒሳቡን ይከፍላል። ሥራው የሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ ትርጉም፣ የግራፊክስ ዲዛይን፣ የቪዲዮ ቅንብር፣ ሶፍትዌር መጻፍ፣ ወይም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሆን መረጃ መለየት ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተር ተሠርቶ በኢንተርኔት የሚላክ ነገር ሁሉ ለዚህ ይመቻል።

ኢትዮጵያ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ፣ ሶፊያ ለተባለችው ሮቦት ከሚሠራው ሶፍትዌር ከፊሉን ለሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ ሠርቷል። ሶፊያ ራሷ በ2010 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል አዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ ከአካሏ ክፍሎች የያዘ ሻንጣ ግን ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጠፋባት። የሶፍትዌሩ ሥራ ድንበር ሲሻገር ሻንጣ አላስፈለገውም። ይህን ገበያ በዓለም ደረጃ ካሰፉት አንዱ የሆነው ኦዴስክም የተወለደው ከእንዲህ ያለ ችግር ነው፤ ሁለት ግሪካውያን ጓደኛሞች አንዱ አሜሪካ ሌላው ግሪክ ሆነው አብረው መሥራት ፈልገው፣ ርቆ ያለ ሰው መሥራቱን የሚያሳይና ክፍያውን የሚያስተላልፍ ሥርዓት ሠሩ። ኦዴስክ በኋላ ከኢላንስ ጋር ተዋሕዶ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አፕወርክ ተባለ። እኛ ዘንድም ገበያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ ተነሥቶ አፍሪካውያን ባለሙያዎችን ከአሠሪዎች ጋር ሲያገናኝ ቆይቷል።

ከመሣሪያው ይልቅ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የሕጉ ጥያቄ ነው። በውል የሚሠራ ባለሙያ ከተቀጣሪ በምን ይለያል? የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጣሪ የሚለው በአሠሪው መሪነት ሥር ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራውን ነው። በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራውን ሰው አዋጁ ከመጀመሪያው አንቀጾቹ ላይ ከሽፋኑ ያወጣዋል። እንዲህ ያለው ሰው የሚገባው ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ቁጥር 2610 ሥራ ተቋራጭ በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ደንበኛውም ዋጋውን ለመክፈል የሚገቡትን ውል ይገልጻል። ቤት የሚሠራ ተቋራጭና ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ልዩነቱ በውሉ ርዕስ አይወሰንም። ዳኛ የሚያየው ነገሩን ነው፤ ሰዓቱን የሚወስነው ማን ነው? ኮምፒውተሩ የማን ነው? ሠራተኛው ለሌላ ሰው መሥራት ይፈቀድለታል? ሥራው ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው? ብሪታንያ ውስጥ ኡበር ሾፌሮቹን ራሳቸውን የቻሉ ተቋራጮች ናቸው ሲል ቢከራከርም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ሠራተኞች ናቸው ብሎ ፈረደበት። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሕግ፣ አንድን ሰው ተቋራጭ ነው የሚል ድርጅት ያንን የማስረዳት ሸክም እንዲሸከም አደረገች። የውጭ ድርጅቶች ይህን ይፈራሉ። ደንበኛዎ ከጠዋት እስከ ማታ ካሜራ ክፈቱ፣ ፈቃድ ሳትጠይቁ አትውጡ፣ ለሌላ አትሥሩ ካለና ውሉ ላይ ግን «ተቋራጭ» ብሎ ከጻፈ፣ የሚፈልገው የተቀጣሪን ታዛዥነት በተቋራጭ ዋጋ ነው። እንዲህ ያለውን ድርጅት በሕጋዊ መንገድ ቅጠሩኝ ማለት ነውር የለውም። ለዚህ የሚሆኑ አማካዮችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደተመሠረተው ዲል ያሉት በየአገሩ በራሳቸው ስም ሠራተኛ ቀጥረው ለውጭው ድርጅት ያሠራሉ፤ ዋጋቸው ግን ስለሚከብድ ትንንሽ ደንበኞች አይደፍሯቸውም።

የውጭው ድርጅት በውል ማሠራትን የሚመርጠው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ይቀለዋል። የሚቀልለት ሸክም ግን አይተንም፤ ወደ ባለሙያው ትከሻ ይዞራል። በእኛ ሕግ አንድ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥበት አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። ቢታመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጥለው ያሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈለዋል። የወለደች እናት 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። በውል የሚሠራው ከእነዚህ አንዱንም አያገኝም፤ ካልሠራ አይከፈለውም። ስለዚህ ዋጋው ውስጥ ማስገባት አለበት።

ብዙዎች የሚከስሩት እዚህ ላይ ነው። እንበልና ጉንችሬ ያለች አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ተቀጥራ ቢሆን ኖሮ በወር 20,000 ብር፣ በዓመት 240,000 ብር ታገኝ ነበር። በሳምንት 5 ቀን ከሆነ በዓመት 260 የሥራ ቀን አለ፤ ብታካፍለው በቀን 923 ብር ይሆናል። ለውጭ ደንበኛ «በቀን 1,000 ብር የሚሆን ዶላር ይበቃኛል፤ ከደመወዝ ይበልጣል» ብትል ተሸወደች። ከ260ው ቀን ላይ የዓመት ፈቃድ፣ የበዓል ቀናትና ሕመም ይቀነሳሉ። ሥራ የምትፈልግበት፣ የምትደራደርበት፣ ክፍያ የምትከታተልበት ጊዜም አለ፤ ያንን ማንም አይከፍላትም። በተጨባጭ የሚከፈላት 180 ቀን ቢሆን ነው። በሌላ በኩል አሠሪ ይከፍል የነበረው የጡረታ 26,400 ብር፣ እንዲሁም ለኮምፒውተር፣ ለኢንተርኔትና ለመጠባበቂያ ባትሪ 60,000 ብር ብንይዝ ጠቅላላው 326,400 ብር ይደርሳል። ለ180 ሲካፈል በቀን 1,813 ብር ነው። ይህ ከደመወዙ ጋር እኩል የሚያደርጋት እንጂ ትርፍ የሚያስገኝላት አይደለም። ከዚህ በታች የምትቀበለው እያንዳንዱ ብር ለባሕር ማዶው ደንበኛ የምትሰጠው ድጎማ ነው።

አማካይ መድረኮችም ድርሻ ይወስዳሉ። አፕወርክ ለረጅም ጊዜ ከአዲስ ደንበኛ ክፍያ 20 በመቶ ይቆርጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 10 በመቶ አወረደው፤ ከ2025 ወዲህ እንደ ሥራው የሚለያይ አድርጎታል። ገንዘቡ በከንቱ አይሄድም። በቁርጥ ዋጋ ለሚሠራ ሥራ ዋጋው አስቀድሞ ከደንበኛው ላይ ተወስዶ በመድረኩ እጅ ይቆያል፤ ደንበኛው ሥራውን ተረክቦ ሲያጸድቅ ይለቀቃል። የማይተዋወቁ ሰዎች የመጀመሪያ ሥራቸውን በዚህ ቢጀምሩ አልቃወምም።

ከሁሉ የሚከብደው ደንበኛ ግን የማይታወቀው ሰው አይደለም፤ ዘመድ ነው። ለመስቀል ከአሜሪካ የመጣ አጎት ክትፎው ቀርቦ ጨዋታው ሲደራ «የድርጅቴን ሒሳብ አንተ ትይዝልኛለህ፤ እከፍልሃለሁ» ይላል። ስንት እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፍል፣ በምን እንደሚልክ ሳይነሣ በዓሉ ያልፋል። ልጁ ስድስት ወር ይሠራል፤ የሚደርሰው ገንዘብ አንድ ወር ክፍያ፣ ሌላ ወር «ለእናትህ ስጥልኝ» እየተባለ ይቀላቀላል።

«ጋሼ፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ገጽ ውል ብንፈራረም?»

«አንተ ልጅ፣ በእኔና በአንተ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል?»

መልሱ አለ፤ ማንንም አያስቀይምም። «ጋሼ፣ እዚያ ያለው የሒሳብ ሠራተኛዎ ይጠይቅዎታል እኮ፤ ያለ ውልና ያለ ኢንቮይስ ወጪ አድርጎ አይመዘግብልዎትም።» ይህ እውነት ነው። አጎትየው የከፈለውን ከግብሩ ላይ በወጪነት ማስቀነስ የሚችለው ማስረጃ ሲኖረው ነው። በእኖር ምድር የተጣላ በሽማግሌ ይታረቃል፤ የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎም ከባዱን ነገር ሲዳኝ የኖረ ነው፤ ዳኝነቱ ግን ሚኒሶታ አይደርስም።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። ሥራው ምን እንደሆነና ስንት ጊዜ እርማት እንደሚደረግበት፣ ዋጋው በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ፣ ኢንቮይስ ከተላከ በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ የባንክ ወጪው የማን እንደሆነ፣ አንዱ ወገን ማቋረጥ ቢፈልግ ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚያሳውቅ ከተጻፈ ዋናው አልቋል። የሥራው ባለቤትነት ግን አይረሳ። አሜሪካውያን ደንበኞች መብቱ በጽሑፍ እንዲተላለፍላቸው አጥብቀው የሚጠይቁት ወደው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የአገራቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሪድ በተባለ ቀራፂ ጉዳይ ላይ፣ ተቋራጭ የሠራው ሥራ አሠሪው ገንዘብ ስለከፈለ ብቻ የአሠሪው አይሆንም የሚል ፍርድ ሰጥቷል። መብቱን መስጠት ነውር የለበትም፤ ብቻ «ሙሉው ዋጋ ሲከፈል» የሚል ሐረግ ይኑርበት። ያልተከፈለበት ሥራ የሠሪው ሆኖ ይቆያል።

ቢካካዱስ? ኢትዮጵያ የውጭ የግልግል ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለማስፈጸም የተደረገውን የኒውዮርክ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. ተቀላቅላለች። ለትልቅ ውል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለ800 ዶላር ግን ማንም ወደ ግልግል ዳኛ አይሄድም። የትንሽ ውል መድኃኒቱ ቀብድና ከፋፍሎ መቀበል ነው፤ ሲሶውን በቅድሚያ፣ ሲሶውን በመሐል፣ የቀረውን ሲረካከቡ። አንዱ ክፍያ ከዘገየ ሥራው እዚያው ይቆማል። የሚጠፋው ገንዘብም ከአንድ ሲሶ አይበልጥም።

ከውሉ ጋር ከአሜሪካ አንድ ቅጽ ይመጣል፤ ደብሊው ኤይት ቤን ይባላል። ወጣቶቹ ሲያዩት ይደነግጣሉ፤ የአሜሪካ መንግሥት ግብር ሊያስከፍላቸው የመጣ ይመስላቸዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ቅጹ ፈራሚው አሜሪካዊ አለመሆኑን ለከፋዩ ያረጋግጣል። አሜሪካ ለውጭ ሰው ከአገሯ ከሚወጣ ገቢ ላይ 30 በመቶ የማስቀረት ሕግ አላት፤ ሆኖም ሥራው የተሠራው ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ገቢው የውጭ ገቢ ስለሆነ ይህ አይነካውም። ጉንችሬ ተቀምጦ የተሠራ ሥራ በአሜሪካ ሕግ የጉንችሬ ገቢ ነው። ቅጹ ከፋዩ ዘንድ ይቀመጣል እንጂ ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት አይላክም፤ የሚያገለግለውም ከተፈረመበት ዓመት በኋላ እስከ ሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ነው።

አሁን ገንዘቡ ይምጣ። በውጭ ያለው ደንበኛ ባንኩን «500 ዶላር ላክልኝ» ሲል ገንዘብ የያዘ መኪና አይነሣም። ባንኩ ስዊፍት በተባለው የባንኮች የመልእክት መረብ በኩል መልእክት ይልካል። የአሜሪካው ባንክና የእኛው ባንክ በቀጥታ ሒሳብ ከሌላቸው ሁለቱም ሒሳብ ያላቸው ሌላ ባንክ መሐል ይገባል፤ እሱም አገልግሎቱን ከገንዘቡ ላይ ይቆርጣል። ለዚህ ነው 500 ዶላር ተልኮ 470 ወይም 480 የሚደርሰው። ላኪው ቅጹን ሲሞላ ሦስት ምርጫ ይቀርብለታል፤ ወጪውን ሁሉ ላኪ ይችላል፣ ሁለቱ ይካፈላሉ፣ ወይም ተቀባይ ይችላል። ውሉ ላይ «የማስተላለፊያ ወጪ በላኪ ነው» የምትለው አንዲት መስመር በዓመት የሚቆጠር ገንዘብ ታተርፋለች። የሚላከው ትንሽ በትንሽ ከሆነ ደግሞ በየሳምንቱ 100 ከማስላክ በወር አንድ ጊዜ 400 ማስላክ ይሻላል፤ ቆራጩ የሚቆርጠው በየመልእክቱ ነውና። ለላኪው የሚሰጠው የባንኩ የስዊፍት መለያ፣ የሒሳብ ቁጥርና ባንክ ደብተር ላይ እንዳለው የተጻፈ ሙሉ ስም ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መለያ ሲቢኢቲኢቲኤኤ ነው። አንዲት ፊደል ብትሳሳት ገንዘቡ ለሳምንታት አየር ላይ ይቀራል።

ሌላው መንገድ እንደ ፔዮኒር ያሉት የክፍያ ድርጅቶች ናቸው፤ ተቀባዩ በውጭ አገር ሒሳብ እንዳለው ሆኖ ይቀበልና ወደ አገሩ ባንክ ያወርዳል። የብዙ ደንበኞች የመጀመሪያ ሐሳብ የሆነው ፔይፓል ግን እኛ ዘንድ ለመላክ እንጂ ለመቀበል ሲያገለግል አልኖረም፤ ይህን ሳያጣሩ ሥራ ጨርሰው ገንዘባቸውን መቀበያ ያጡ አሉ። ከመጀመሪያው ኢሜይል ላይ መጻፍ ያለበት ነገር ነው።

በዘመድ እጅ፣ በጥቁር ገበያ ወይም በክሪፕቶ የሚቀበሉም ብዙ ናቸው። ምክንያታቸው አይጠፋኝም። እስከ 2016 ዓ.ም. ሐምሌ ድረስ ባንክ አንድ ዶላርን በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር፣ ከባንክ ውጭ እጥፍ የሚጠጋ ዋጋ ነበረው። በባንክ የተቀበለ ሰው የላቡን ግማሽ ጥሎ የሚገባ ይመስለው ነበር፤ መሰለው ብቻ አልልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የባንኩ ዋጋ ከ100 ብር አለፈ፤ የሁለቱ ገበያዎች ልዩነትም ከቀድሞው በእጅጉ ጠበበ። በዚያው ጊዜ የወጣው መመሪያ ሌላም በር ከፍቷል፤ አገር ውስጥ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከውጭ በሚመጣለት ገንዘብ፣ በውጭ ምንዛሪ በሚከፈለው ደመወዝና መሰል ገቢ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ፈቅዷል። ለፍሪላንሰር ይህ ሒሳብ ቅንጦት አይደለም፤ ለሚጠቀምባቸው ሶፍትዌሮች የሚከፍለው በዶላር ነውና።

ስለ ክሪፕቶ፣ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በአገሪቱ በዲጂታል ገንዘብ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። ከሕጉም ሌላ አንድ ኪሳራ አለ፤ በእነዚህ መንገዶች የመጣ ገንዘብ ማስረጃ የለውም። ወጣቱ ነገ ብድር ሲፈልግ፣ ቪዛ ሲጠይቅ ወይም ከደንበኛው ጋር ሲካሰስ ሦስት ዓመት መሥራቱን የሚያሳይለት የባንኩ የገቢ ማስረጃ ነው። ዛሬ በዶላር ጥቂት ብር አተርፋለሁ ብሎ ያንን ታሪክ የሚሸጥ ርካሽ ነገር አልሸጠም።

ግብሩስ? በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ ነዋሪ የሆነ ሰው ከየትም አገር ባገኘው ገቢ ላይ ግብር አለበት። «ደንበኛዬ ውጭ ነው» ማለት ነፃ አያወጣም። ደመወዝ ስላልሆነ ቀንሶ የሚያስገባለት አሠሪ የለም፤ ራሱ ማስታወቅ አለበት። ገቢው የሚገባው ወደ ንግድ ሥራ ገቢ ሠንጠረዥ ነው፤ የላይኛው ጣሪያ 35 በመቶ ነው። ነገር ግን መዝገብ ለሚይዝ ሰው ግብሩ የሚጣለው ከትርፉ ላይ ነው፤ ማስረጃ ያለው የኢንተርኔት፣ የኮምፒውተርና የአማካይ ድርሻ ወጪ ሊቀነስ ይችላል። የግብር መለያ ቁጥር ማውጣትና የሙያ ፈቃዱን ነገር መጠየቅ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ሦስት ዓመት ከተጠራቀመ በኋላ ቅጣቱና ወለዱ ይበልጣል። አገራችን ከአሜሪካ ጋር ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት የላትም፤ ከብሪታንያና ከቻይና ጋር ግን አላት።

የሰዓቱ ነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ ሥራ ያበላሻል። እኛ ሰዓታችንን አንለውጥም፤ አሜሪካኖች ግን በመጋቢት መጀመሪያ ገደማና በጥቅምት መገባደጃ ይለውጣሉ። ኒውዮርክ ላይ ከጠዋቱ ዘጠኝ ተብሎ የተያዘ ስብሰባ በበጋቸው ጉንችሬ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት ይሆናል። በዚህ ላይ እኛ ቀኑን ከንጋት መቁጠራችን አለ። በቀጠሮ ላይ የሁለቱንም አገር ሰዓት መጻፍ ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ደንበኛው የሚያየው ያልደረሰ ሥራ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የርክክቡ ቀን ላይ አንድ ሁለት ቀን መደመር ሐሰት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው።

ነገሩን ገልብጠን ስናየው ደግሞ፣ ኢትዮጵያዊ ድርጅት በውጭ ያለ ባለሙያ ማሠራት ሲፈልግ መንገዱ ይረዝማል። አዲስ ነገር አይደለም፤ ምኒልክ ስዊዛዊውን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ከ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ አሠርተዋል። የዛሬው ድርጅት ናይሮቢ ላለ ባለሙያ ለመክፈል ውልና ኢንቮይስ ይዞ ባንክ ይቀርባል፤ የውጭ ምንዛሪው መኖሩን ይጠብቃል፤ ለነዋሪ ላልሆነ ሰው ከሚከፍለው የቴክኒክ አገልግሎት ዋጋ ላይም 15 በመቶ ግብር ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባል። ይህን ያላወቀ ድርጅት ለባለሙያው ሙሉውን ከፍሎ ግብሩን በኋላ ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ውሉ ሲጻፍ ዋጋው ከግብር በፊት ይሁን ከግብር በኋላ መለየት አለበት።

መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ ለማስተማር ፕሮግራም ጀምሯል። ጉንችሬ ቅርብ ያለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም በየዓመቱ ተማሪ ያስመርቃል። ኮድ መጻፍ የተማረው ወጣት ኢንቮይስ መጻፍ ግን የትም አልተማረም። ስለ ውል፣ ስለ ስዊፍትና ስለ ግብር የሁለት ቀን ትምህርት ከማንኛውም ሥልጠና ጋር ቢሰጥ የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው።

ከባንኮች የሚጠበቅ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። በትንሽ ከተማ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ከውጭ የመጣ ገንዘብ ሁሉ የዘመድ ሐዋላ ተደርጎ ይመዘገባል። ለአገልግሎት የተከፈለ የባለሙያ ገቢ መሆኑን የሚጠይቅ፣ በውሉና በኢንቮይሱ መሠረት የሚመዘግብ፣ የዶላር ሒሳብ መክፈት እንደሚቻል ለደንበኛው የሚነግር ሠራተኛ ማግኘት ከባድ ነው። መመሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ያሉት ዋና መሥሪያ ቤቶች ጉንችሬና ቡታጅራ ላሉት የመስኮት ሠራተኞቻቸው ያስተምሩት።